የአይአርኤስ ደብዳቤ ሲመጣ፦ መፈረም፣ መከራከር ወይስ ዝም ማለት?

ከአይአርኤስ፣ ከአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የመጣልኝ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ፍሪጅ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። በማግኔት፣ ከልጆቹ የትምህርት ቤት ካላንደር ጎን። ሳልከፍተው ቀርቼ አይደለም። ከፍቼ የመጀመሪያውን ገጽ አይቻለሁ። በደማቁ የተጻፈውን ወደ 3,800 ዶላርም አይቻለሁ። ከዚያ አጥፌ ሰቀልኩት። ወተት ለማውጣት በሄድኩ ቁጥር ዐይኔ ያርፍበታል፤ እኔም ዐይኔን አሸሻለሁ።

በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ሳነበው የተጻፈው ከፈራሁት ጋር አይገናኝም። «ዕዳ አለብህ» አይልም። የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «እኛ ጋ ያለው መረጃና አንተ ያስገባኸው ታክስ አልተገጣጠሙም። እንዲህ ልናስተካክለው አስበናል፤ ትስማማለህ?» ጥያቄ ነበር። ሦስት ሳምንት ከጥያቄ ስሸሽ ነው የከረምኩት።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዘው ከመጡ ዘመዶችና ጎረቤቶች ጋር ቡና እየጠጣን አብረን አንብበናል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ታክስ ሠሪም አይደለሁም። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። የኛ ሰው ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣለት ወይ ይደብቀዋል፣ ወይ ሳያነብ ይፈርማል። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ፍርሃት ነው። በሁለቱ መሃል ግን ብዙ መንገድ አለ።

መጀመሪያ፣ የቱ ደብዳቤ ነው?

በደብዳቤው ቀኝ ጥግ፣ ከላይ ወይም ከታች፣ መለያ ቁጥር አለ። ከዶላሩ በፊት እሱን እዩ። ሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት መልስ አይፈልግም።

5071ሲ ከሆነ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። «ይህን ታክስ ያስገባኸው በርግጥ አንተ ነህ?» ማለት ነው፤ ኦንላይን ወይም በስልክ ማንነታችሁን ታረጋግጣላችሁ። ሲፒ 05 ከሆነ ሪፈንዳችሁን (ተመላሽ ገንዘባችሁን) ይዘው እያጣሩ ነው፤ ካልጠየቋችሁ በቀር ጠብቁ። ሲፒ 75 ኦዲት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኛ የሚሰጠውን የኧርንድ ኢንከም ክሬዲት ማስረጃ ይጠይቃል። ሲፒ 14 ደግሞ ቢል ነው፤ ታክሱ ተመዝግቧል፣ ክፈሉ ነው የሚለው።

የኔው ሲፒ 2000 ነበር። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለሱ ነው። በኡበርና በሊፍት ለምንሠራ፣ ሁለት ሦስት ሥራ ለምንይዝ፣ አክሲዮን ለምንነካካ ሰዎች በራችንን የሚያንኳኳው እሱ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ደውሎ «ፖሊስ ልልክብህ ነው፣ ጊፍት ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። አይአርኤስ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጀምር በፖስታ ነው የሚጀምረው፤ በጊፍት ካርድም አይከፈለውም። ፖስታውንም ከተጠራጠራችሁ በአይአርኤስ ድረ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ወይም 800-829-1040 ደውሉ። በስልኩ ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ይሰጣሉ።

ደብዳቤው ከየት መጣ?

አሠሪያችሁ የዓመቱን ደሞዝ የሚያሳየውን ደብልዩ-ቱ ሲሰጣችሁ ቅጂው ወደ መንግሥት ይሄዳል። የምትነዱበት አፕ 1099-ኬ የሚባለውን የክፍያ ማሳወቂያ ሲልክላችሁም እንደዚያው። ባንኩ የወለዱን፣ የአክሲዮን ድርጅቱ የሽያጩን ይልካል። የአይአርኤስ ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ ሰብስቦ እናንተ ካስገባችሁት ጋር ያስተያያል። ልዩነት ሲያገኝ ሲፒ 2000 ይወጣል። ጊዜ ስለሚወስድ ደብዳቤው አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው። የኔ የ2023 ታክስ ነበር፤ ደብዳቤው የደረሰኝ በ2025 ነው። ያኔ ማን ያስታውሳል!

ውስጥ ገጽ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለ። በአንድ በኩል እናንተ ያስገባችሁት፣ በሌላ በኩል ሌሎች ስለ እናንተ ያሳወቁት፣ ቀጥሎም ልዩነቱ። ከየትኛው ድርጅት እንደመጣም በስም ይዘረዝራል። እውነቱ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ዶላር እርሱትና በሠንጠረዡ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር በእጃችሁ ካለው ወረቀት ጋር አስተያዩ። ምርጫችሁን የሚወስነው ይህ ሥራ ነው። ሳትሠሩት «ልፈርም ወይስ ልከራከር?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ተስማምቶ መፈረም

አንዲት የአክስቴ ልጅ 640 ዶላር የባንክ ወለድ ረስታ ኖሮ ደብዳቤ መጣላት። ገንዘቡን አግኝታለች፣ ታክሱ ላይ አልገባም፣ የተጠየቀችው ታክስም ትንሽ ነው። እንዲህ ከሆነ ምን ያከራክራል? «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች፣ ከፈለች፣ አለቀ። ባልና ሚስት አብረው ያስገቡት ታክስ ከሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

በዚህ መንገድ ጥሩው ነገር ወለዱ ቶሎ መቆሙ ነው። ወለዱ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከመጣበት ቀን አይደለም። ታክሱ መከፈል ከነበረበት ቀን፣ ለ2023 ታክስ ከሆነ ከሚያዝያ 2024 አጋማሽ ጀምሮ ነው። በ2025 ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነበር፤ በየቀኑም ይደራረባል።

ችግሩ የኛ ሰው ይህን መንገድ የሚመርጠው ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ አለመሆኑ ነው። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብሎ ነው የሚፈርመው። ሌላ ቦታ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን የሌለባችሁን ዕዳ ያስከፍላችኋል።

ጭራሽ አልስማማም ማለት

የኔ ጉዳይ ይኼ ነበር። የ1099-ኬዬ ጠቅላላ 41,200 ዶላር ይላል። ታክሴን የሠራልኝ ሰው ግን ባንኬ የገባውን 27,400 ብቻ ነው የጻፈው። ልዩነቱ 13,800። አይአርኤስ ሲያየው የደበቅኩት ገቢ ይመስላል።

13,800ው እኔ እጅ ገብቶ አያውቅም። 1099-ኬ ላይ የሚጻፈው ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ነው። ኩባንያው ድርሻውን፣ የቡኪንግ ክፍያውንና ሌላ ሌላውን ቆርጦ የቀረውን ነው ለሹፌሩ የሚልከው። ትክክለኛው አሠራር 41,200ውን ሙሉ በሙሉ ስኬጁል ሲ ላይ (የራስ ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ፎርም ነው) ጽፎ፣ ከሥሩ 13,800ውን ወጪ ብሎ መቀነስ ነበር። የሚደረሰው እዚያው ቁጥር ላይ ነው፤ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር ይገጣጠማል። ሹፌር የሆነ ሁሉ ታክስ ሲያሠራ ይህን አንድ ነገር ቢጠይቅ ስንቱ ደብዳቤ ይቀር ነበር።

ከአፑ ውስጥ የዓመቱን የታክስ ማጠቃለያ አወረድኩ። ጠቅላላው፣ የተቆረጠው፣ የቀረው በግልጽ ተዘርዝሯል። የላክሁት ደብዳቤ ደግሞ ስድስት መስመር ብቻ ነበር። «በገቢው ላይ ባቀረባችሁት ለውጥ አልስማማም። በ1099-ኬ ላይ ያለው 41,200 ዶላር ጠቅላላ ክፍያ ነው። ከዚህ ውስጥ 13,800ው ኩባንያው የቆረጠው ክፍያ ነው፤ የተያያዘውን ማጠቃለያ ገጽ 2 ይመልከቱ። የቀረው 27,400 ዶላር በስኬጁል ሲ ላይ ተመዝግቧል። የተስተካከለ ስኬጁል ሲ አያይዣለሁ። የሚጨመር ታክስ የለም።» ፊርማ፣ ቀን፣ ስልክ። እርግጥ በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። ልጆቼን ለማሳደግ ስንት እንደደከምኩ፣ ኑሮ እንዴት እንደከበደ አንድም ቃል አልጻፍኩም። መጀመሪያ ጽፌ ነበር፤ ባለቤቴ ናት ያስጠፋችኝ። አንባቢው የሚፈልገው ቁጥርና ገጽ ነው።

አክሲዮን ወይም ክሪፕቶ የሸጠ ሰውም ብዙ ጊዜ እዚህ ምድብ ውስጥ ይወድቃል። በ5,000 ገዝቶ በ5,300 የሸጠ ሰው የገዛበት ዋጋ ለአይአርኤስ ካልደረሰ፣ 5,300ው በሙሉ እንደ ትርፍ ይቆጠርበታል። መልሱ የግዢውን ማስረጃ መላክ ነው።

በከፊል መስማማት

ብዙ ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ሆስፒታል ነው የሚሠሩት። በ2023 ማታ ማታና ቅዳሜ ይነዱ ነበር። የሆስፒታሉን ደብልዩ-ቱ ብቻ ሰጥተው ታክስ አሠሩ። የአፑን 1099 ግን «ትርፍ ሥራ አይደል፣ እሱ ምን ያደርጋል» ብለው ተዉት። ሲፒ 2000 መጣ። ጠቅላላ 24,000 ዶላር አላሳወቁም ይላል።

ጋሼ ሐቀኛ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እውነታቸውን ነው፤ ነድቻለሁ። እፈርማለሁ» አሉኝ። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ነበር።

እውነት ነው፣ 24,000ው ገብቷል። ግን አይአርኤስ የሚያውቀው የገባውን ብቻ ነው፤ የወጣውን አያውቅም። አፑ ስንት እንደቆረጠ፣ መኪናው ስንት ማይል እንደሄደ የሚነግረው የለም። ስለዚህ 24,000ውን በሙሉ ትርፍ አድርጎ አሰበው። እንደ ራሱ ሥራ ባለቤት 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ፣ በላዩ የገቢ ታክስ። በ12 በመቶ እርከን ላይ ያለ ሰው ብንል ሁለቱ ተደምረው ወደ 6,070 ዶላር ይመጣሉ። ጭማሪው ከ5,000 ዶላርና ከትክክለኛው ታክስ 10 በመቶ በላይ ሲሆን ደግሞ የ20 በመቶ ቅጣት አለ። ያ ሌላ 1,210 ገደማ ነው። ወለዱም አለ።

አብረን ቁጭ ብለን ቆጠርን። አፑ የቆረጠው 6,200። ለሥራ የተነዳው 14,000 ማይል፤ ለ2023 የተፈቀደው በማይል 65.5 ሳንቲም ነው፣ 9,170 ዶላር ይሆናል። ከ24,000 ላይ ሁለቱ ሲቀነሱ ትርፉ 8,630 ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሁለቱ ታክሶች ተደምረው ወደ 2,180 ይወርዳሉ። ከ5,000 በታች ስለሆነ የ20 በመቶው ቅጣት መሠረቱ ይናዳል። ጋሼ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ማይሉን በምን ማሳየት ይቻላል? በየቀኑ የተጻፈ መዝገብ ቢኖር የሚወዳደረው የለም። አፑ የሚሰጠው ማይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ ይዛችሁ ወይም ልታነሱ ስትሄዱ ያለውን ነው፤ በመሃል ተሳፋሪ ስትጠብቁ የነዳችሁት ሊጎድል ይችላል። ጋሼ መዝገብ አልነበራቸውም፤ ግን የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችን ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አጭቀው ኖረዋል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ቀንና የኦዶሜትር ቁጥር አለ። ከአፑ ታሪክ ጋር አያይዘን ዓመቱን አቀናጀነው። ያልነዱትን አልጨመርንም። ነዳጅና የመኪና ጥገናም ይቀነስ ብለው ነበር፤ በማይል ካሰላችሁ እነሱ ውስጡ ተካተዋል፣ ሁለት ጊዜ አይቀነሱም። ቶልና ፓርኪንግ ብቻ ለብቻቸው ይገባሉ።

እዚህ ላይ «1040-ኤክስ ላስገባ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ያስገቡትን ታክስ ማስተካከያ ፎርም ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ብቻ ከሆነ ጉዳዩ፣ አያስፈልግም፤ ማብራሪያውና የተሞላው ስኬጁል ሲ ይበቃል። ሌላ የተረሳ ገቢ ወይም ክሬዲት ካለ ግን 1040-ኤክስ ይሻላል። ከላዩ ላይ «ሲፒ 2000» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና ከመልስ መስጫው ወረቀት ጀርባ አያይዛችሁ በአንድ ፖስታ ላኩ። ለብቻው ወደ ሌላ አድራሻ የተላከ 1040-ኤክስ ሌላ ወረፋ ይገባል፤ በዚህኛው ወረፋ ያለው ሰው አያየውም።

ዝም ማለት

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ከአይአርኤስ ጋር ግን ይነቅዛል።

መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን 30 ቀን ነው። ከደረሳችሁበት ቀን አይደለም። ካልደረሰላችሁ ደውላችሁ ጊዜ እንዲጨመርላችሁ ጠይቁ፤ ሌላ 30 ቀን መስጠት የተለመደ ነው። እኔ ሦስቱን ሳምንት በፍሪጅ ላይ ስለጨረስኩ ይህን ስልክ መደወል ነበረብኝ። ግማሽ ቀኔን በላው፤ ግን ሰጡኝ።

ቀኑ ካለፈ ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል፤ ሲፒ 3219ኤ። ይኼኛው ከባድ ነው። 90 ቀን ይሰጣችኋል። በ90 ቀን ውስጥ የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት አቤቱታ ካላስገባችሁ ታክሱ ይመዘገብባችኋል፣ ቢሉም ይከተላል። ይህን 90 ቀን አይአርኤስ ማራዘም አይችልም። እንደ መጀመሪያው ማብራሪያ መላክ ይቻላል፤ ግን ማብራሪያ ስለላካችሁ ቀኑ መቁጠሩን አያቆምም። «ልኬላቸው መልስ እየጠበቅሁ ነበር» ብሎ 90ውን ቀን ያሳለፈ ሰው አውቃለሁ።

ፍርድ ቤት የሚለው ቃል ያስደነግጣል፤ አውቃለሁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ያደገ ሰው መንግሥትን ከስሶ አይተኛም። ግን ይህ ፍርድ ቤት የተሠራው ለዚሁ ነው። ማመልከቻው 60 ዶላር ነው፤ መክፈል ለማይችል ይሰረዛል። ኦንላይን ይገባል። ክርክሩ በዓመት ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ቀለል ያለ ሥርዓት መምረጥ ይቻላል፤ በዚያ መንገድ ከሄዳችሁ ግን ይግባኝ የለም። ታክሱን ቀድሞ መክፈልም አያስፈልግም። አገር ቤት በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ለማመልከት ከሚከራከሩበት ታክስ ግማሹን ክፈሉ ብሎ ነበር። እዚህ እንደዚያ የለም። ካመለከቱት አብዛኞቹም ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ ከአይአርኤስ ሰዎች ጋር ተነጋግረው ይጨርሳሉ።

90ው ቀንም አልፎ ከሆነ በር አለ፤ ጠባብ ግን አለ። ማስረጃውን ይዞ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። በዚያ መሃል ግን የመክፈያ ደብዳቤዎቹ መምጣታቸውን አያቆሙም።

ማን ይጻፍላችሁ?

ጉዳዩ አንድ መስመር ከሆነ፣ ማስረጃውም እጃችሁ ላይ ካለ፣ ራሳችሁ ጻፉት። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ኮሌጅ የሚማር ልጅ አይጠፋም።

ታክሱን የሠራው ሰው ጋ መመለስ የሚመጣው ሁለተኛ ሐሳብ ነው። ስህተቱ የሱ ከሆነ ማስተካከልም አለበት። ግን መጀመሪያ የታክሳችሁን ዋና ፎርም፣ የ1040ን ሁለተኛ ገጽ እዩ፤ ስሙና ፒቲን የተባለው የታክስ ሠሪነት መለያ ቁጥሩ አለ? ከፍላችሁት ሳይፈርም ያስገባላችሁ ከሆነ ያ ሰው ዛሬም አይቆምላችሁም። ከፈረመም በኋላ በአይአርኤስ ፊት እናንተን የመወከል ሥልጣኑ ውሱን ነው፤ ወይ ጨርሶ የለውም።

ሙሉ ውክልና ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ኢንሮልድ ኤጀንት (አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ)፣ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) እና ጠበቃ። ፎርም 2848 ፈርማችሁ ከሰጣችኋቸው አይአርኤስ በቀጥታ ከነሱ ጋር ይነጋገራል። ለሲፒ 2000 ጠበቃ መያዝ ለኔ ዶሮ በጥይት መግደል ነው። ኢንሮልድ ኤጀንት ይበቃል፤ ሥራቸው ይኼው ነው፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ሲኖር ነው፤ ያኔ ለማንም ከማውራታችሁ በፊት ለጠበቃ አውሩ።

የኛ ሰው የማያውቀው አራተኛ መንገድ አለ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተቋቋሙ የታክስ ክሊኒኮች። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ካልበለጠና ክርክሩ በዓመት ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይወክሏችኋል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው መብቱን እንዲያውቅ መርዳትም ሥራቸው ነው። በዲሲ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ አለው። የአገሪቱ ዝርዝር በአይአርኤስ ሕትመት ቁጥር 4134 ላይ ይገኛል። ገቢያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ እኔ ከከፋይ ባለሙያ በፊት እዚህ ነው የምልካችሁ።

በምን ይላክ?

ፖስታ፣ ፋክስ ወይም በድረ ገጹ መጫን። ሰነዱ ጥቂት ገጽ ከሆነ መጫኑን እመርጣለሁ፤ ደብዳቤው ላይ የተሰጠውን ኮድ አስገብታችሁ ፋይሉን ትልካላችሁ፣ የተቀበሉበትን ማረጋገጫ ፎቶ ታነሳላችሁ። ፖስታ ከሆነ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መቀበላቸውን ከሚያሳየው አረንጓዴ ካርድ ጋር። ደረሰኙን አትጣሉ፤ ቀኑ ካከራከረ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ኦሪጅናል አትላኩ። በየገጹ አናት ላይ ስም፣ የታክስ ዓመትና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይኑር፤ ገጾች ይበታተናሉ።

የሚከፈል ካለ

ከተከራከራችሁም በኋላ የሚቀር ሊኖር ይችላል፤ ለጋሼ 2,180 ቀርቷል። በአንዴ መክፈል ርካሹ ነው። በ180 ቀን ውስጥ የምትጨርሱት ከሆነ የአጭር ጊዜ ፕላን ያዙ፤ መክፈቻ ክፍያ የለውም። ከዚያ የሚረዝም ከሆነ በየወሩ የሚከፈለውን ኦንላይን ክፈቱ፤ ዕዳው 50,000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይቻላል። ከባንክ በቀጥታ እንዲቆረጥ ካደረጋችሁ መክፈቻው 22 ዶላር ነው፤ በቀጥታ ሳይቆረጥ ከሆነ 69። በስልክ ወይም በፖስታ ከከፈታችሁት ደግሞ 107 ወይም 178 ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ሰው «ፔይመንት ፕላን ላውጣልህ» ብሎ ብዙ መቶ ዶላር ሲጠይቃችሁ ቆም በሉ።

በሬዲዮ የሚወራው «ዕዳችሁን በሳንቲም እንጨርስላችኋለን» የሚባለው ነገር እውነተኛ ስሙ ኦፈር ኢን ኮምፕሮማይዝ ነው። አለ፤ ማመልከቻው 205 ዶላር ነው። ግን ዕዳውን ከንብረቱም ከደሞዙም መክፈል ለማይችል ሰው የተሠራ ነው። ቤት ያለው፣ በየወሩ የሚተርፈው ሰው ጊዜውን ያባክናል።

የ20 በመቶው ቅጣት ከተጣለ፣ በምን ምክንያት እንደተሳሳታችሁ በመልሱ ላይ ጻፉና እንዲነሳ ጠይቁ። ከቢሉ በኋላ በማዘግየት የሚመጣው ቅጣት ደግሞ ሌላ ነው፤ ያለፉት ሦስት ዓመታት ንጹሕ ከሆኑ አንድ ጊዜ ይነሳላችኋል። ደውሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔ መልሴን ከላክሁ ከወራት በኋላ ሲፒ 2005 መጣ። አንድ ገጽ ነው፤ ጉዳዩን ዘግተናል ይላል። የጋሼ ደግሞ የተስተካከለ ሲፒ 2000 ሆኖ መጣ፤ ቅጣቱ ወጥቷል፣ ታክሱም እኛ ያሰላነው አካባቢ ነው። ያኔ ፈረሙ። ከዚያ ግን አንድ ሥራ ቀራቸው። የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው፤ የፌዴራሉ ታክስ ሲለወጥ የስቴቱም ይለወጣል፣ ሜሪላንድ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ንገሩኝ ትላለች። አይአርኤስም መረጃውን ለስቴቱ ያካፍላል። እስኪመጣባቸው አልጠበቁም፤ የስቴቱን የታክስ ማስተካከያ ፎርም 502ኤክስ ሞልተው፣ የተስተካከለውን ሲፒ 2000 ቅጂ አያይዘው ላኩ።